«ዴስኩን ማን ሊይዝ ነው?» ብዬ የመለስኳት ልጅ ልትለቅብኝ ነው

ሰላም እትዬ እንደምን ሰነበቱ፣ ጽሁፎን ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የማነበው፣ አንድ ቀን እኔም እጽፍላቸዋለሁ ስል ኖሬ ይኸው ዛሬ ጻፍኩ። 41 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው ሥራዬ ግን ደሴ፣ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጣሁ እየወረድኩ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ የሰርኩሌሽን (መጽሐፍ የሚዋስበትና የሚመለስበት) ክፍል አስተባባሪ ሆኜ እሠራለሁ። ከኔ ስር 9 ሰው አለ፣ ላይብረሪው እስከ ማታ ክፍት ስለሆነ በሺፍት ነው የምንሸፍነው፣ አንድ ሰው ከታመመ ወይ ለቅሶ ከሄደ ሁሉም ነገር ይናጋል።

ከዘጠኙ ሁለቱ ወጣቶች ማስተርስ ያላቸው ናቸው፣ የተቀጠሩትም እንደ መምህራኑ በሌክቸረር ማዕረግ ነው፣ ስለዚ ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ሪሰርች ሠርተው ፐብሊሽ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ሌሎቻችን የአስተዳደር ሠራተኛ ነን። ከሁለቱ አንዷ 29 ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ተማሪው ሁሉ እሷን ፈልጎ ነው የሚመጣው። ከሦስት ወር በፊት ፕሮፖዛል ይዛ መጣችና ማክሰኞ ከሰዓትና ሐሙስ ጠዋት ከዴስክ ነፃ አድርጊኝ አለችኝ። እኔ ገና ወረቀቱን ሳልገልጠው «ዴስኩን ማን ሊይዝ ነው?» አልኳት፣ ያውም ሰው ፊት። እሺ ብላ ወጣች። ከዛን ቀን ወዲህ በሰዓቷ ትገባለች በሰዓቷ ትወጣለች፣ ቡና ስንጠጣ አትመጣም። ባለፈው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ እስካሁን አልፈረምኩም። ከጓደኛዋ እንደሰማሁት ደግሞ አንድ ጆርናል በኢሜይል «ጽሁፍሽን በ5 ቀን እናወጣልሻለን፣ 150 ዶላር ክፈይ» ብሏት እቁቧን ልታወጣለት ነው።

ልጠራት አስባለሁ፣ ግን ሌሎቹ ከወዲሁ «እነሱ ቁጭ ብለው ሊጽፉ እኛ መጽሐፍ ልንሸከም ነው?» ማለት ጀምረዋል። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ነው፣ ቴኑር የሚሉት ቋሚ ቅጥር የማግኛ ሂደት ውስጥ ነው ያለው፣ ስነግረው «እኛ ስድስት ዓመት ነው ያለን፣ ካላሳተምን እንሰናበታለን፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሪሰርች ቀን ይሰጡናል» አለኝ። እናንተ ሀብታም ናችሁ እኛ በምን አቅማችን ብዬ ተቆጥቼ ዘጋሁበት።

እትዬ እውነቱን ልንገሮት። ከ12 ዓመት በፊት እኔም ፕሮፖዛል ጽፌ ነበር። የዛን ጊዜው አለቃዬ «ላይብረሪያን ምን ሪሰርች ያስፈልገዋል፣ መጽሐፉን አውጪ አስገቢ» አለኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት አለቀ። ልጅቷ ወረቀቷን ስትዘረጋልኝ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ፣ ቅናት ነው መሰለኝ። ከዛ ወዲህ ራሴን ጠልቼዋለሁ። ልፈርምላት ወይስ ላስቀራት? ላስቀራት ብልስ በምን አፌ?

ሐ. ነኝ ከኮምቦልቻ


የኔ እህት ሐ.፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሦስተኛው ላይ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም አንቺም የከበደሽን ነገር ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽው። ቅናት ብለሽዋል። ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ነውር የለውም፣ ሰው ነሽ። እኔ ሳነበው ግን የታየኝ ሐዘን ነው፣ 12 ዓመት ሙሉ ለቅሶ ያልተቀመጥሽለት ሐዘን። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተክለን ጎረቤት መጥቶ አብሮን ተቀምጦ ነው የሚወጣልን፣ ለተቀበረ ፕሮፖዛል ግን ማን ይመጣል? ማንም አላወቀልሽም፣ አንቺም ሥራሽን ቀጠልሽ፣ መጽሐፉን አወጣሽ አስገባሽ፣ ልጆች ወለድሽ፣ አስተባባሪ ሆንሽ፣ ከዛ አንድ ቀን አንዲት የ29 ዓመት ልጅ ያንኑ የሚመስል ወረቀት ይዛ ፊትሽ ቆመች። መቆንጠጡማ የግድ ነው። ለመሆኑ ያ ፕሮፖዛል አሁንም አለሽ? ርዕሱ ምን ነበር? ይሄን ያነሳሁት ወደ መጨረሻ ስለምመለስበት ነው፣ እስከዛው አስቢበት።

አንድ ነገር ግን ልለይልሽ፣ አንቺና ያ አለቃሽ አንድ አይደላችሁም። እሱ ያለሽ ነገር ንቀት ነው፣ ላይብረሪያን አያስብም ማለት ነው። አንቺ ያልሻት «ዴስኩን ማን ሊይዝ ነው?» ጥያቄ ነው፣ ያውም ትክክለኛ ጥያቄ፣ ዘጠኝ ሰው ይዞ እስከ ማታ የሚከፍት ክፍል የሚመራ ሰው ካልጠየቀው ማን ይጠይቀዋል? ጥፋቱ መልሱን እሷ ላይ መጣልሽ ነው። ዴስኩን ማን እንደሚይዝ ማወቅ ያንቺ ሥራ እንጂ የሷ አይደለም። ሰው ፊት መሆኑ ደግሞ ጨመረበት።

ስለዚ መጀመሪያ ይሄንኑ ንገሪያት። ቢሮ ጠርተሽ አይሁን፣ ቢሮ ስትጠሪያት ስለ ዝውውሩ ልትገስጫት መስሏት ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው። ከሥራ ስትወጡ አብረሽያት ውጪ፣ ወይ ሁለታችሁ ብቻ ቡና ጠጡ፣ ብዙ አታውሪ፣ እንደዚ በያት፣ «ያን ቀን የጠየቅኩሽ ጥያቄ የኔ ሥራ ነበር፣ አንቺ ላይ ጣልኩት፣ ያውም ሰው ፊት፣ ይቅር በይኝ። ፕሮፖዛልሽንም አላነበብኩትም ነበር፣ አሁን ላነበው እፈልጋለሁ»። ስለራስሽ መሳቢያ ያን ቀን ባትነግሪያት ይሻላል፣ ይቅርታ ስትጠይቂ የራስሽን ቁስል ካነሳሽ ልጅቷ አንቺን ወደ ማጽናናት ትገባለች፣ ቀኑ የሷ ነው። ሌላ ቀን ትነግሪያታለሽ።

ልፈርም አልፈርም ላልሽው ደግሞ፣ ወረቀቱን ይዘሽ አትቀመጪ። ጠረጴዛሽ ላይ ያለ የሷ ማመልከቻና መሳቢያሽ ውስጥ የተቀበረው ያንቺ ፕሮፖዛል ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ ሁለቱም ሰው አልፈርም ሲል የቆመ የሰው ሕይወት ነው። መሄድ መብቷ ነው። እንደዚ ብትያትስ፣ «እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ጊዜ ስጪኝ፣ የምቀይረውን አሳይሻለሁ፣ ከዛ በኋላም መሄድ ከፈለግሽ የዛኑ ቀን እፈርማለሁ፣ ጥሩ አድርጌም እጽፍልሻለሁ»። አይ አሁኑኑ ፈርሚ ካለችሽ ግን ፈርሚላት፣ የምሬን ነው። እስቲ ራስሽን ጠይቂው፣ ይቺ ልጅ ብትሄድ የሚጎድልሽ ሺፍቱ ነው ወይስ እሷ? ደብዳቤሽ ላይ «ተማሪው ሁሉ እሷን ፈልጎ ነው የሚመጣው» ብለሽ ስትጽፊ እኔ መልሱን አይቼዋለሁ፣ አንቺ ለራስሽ ብትመልሺው ግን ይሻላል፣ ስታናግሪያት ድምፅሽ ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ አጎትሽ ልጅ። የዘጋሽበትን ስልክ መልሰሽ ደውይለት፣ ምክንያቱም ካለው ውስጥ የሚጠቅምሽ አለ፣ ያላለሽም አለ። አሜሪካ ውስጥ ላይብረሪያኖች እንደ መምህራን ይቆጠሩ የሚለው መመዘኛ በላይብረሪያኖቹ ማኅበር በኩል የጸደቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሆኖም ዛሬም ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጠውም፣ ብዙዎቹ ላይብረሪያኖቻቸውን ልክ እንዳንቺ በአስተዳደር ሠራተኛ ደረጃ ነው የሚይዙት። ቴኑር ያለበት ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ ይሰጣቸዋል፣ በመጨረሻ ሥራቸው፣ ምርምራቸውና የሰጡት አገልግሎት አንድ ላይ ተጠርዞ ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ሰው አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥ ይደረጋል፣ ካላለፉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመሰናበቻ ዓመት ተሰጥቷቸው ነው የሚወጡት። ከባድ ነው። የአጎትሽ ልጅ በሳቅ አልነገረሽም ብዬ ነው የማስበው፣ ምናልባት እሱም የሚሰማው ሰው ፈልጎ ይሆናል የደረደረልሽ።

የሪሰርች ቀን የሚባለው ነገርም አለ፣ ግን ወረቀት ላይ ያለውና ዴስክ ላይ ያለው እዛም አይገጥምም፣ አንድ ሰው ሲቀር፣ ተማሪ ሲበዛ፣ ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሰዋው የሪሰርች ሰዓት ነው። ችግሩ የሰዓት ብቻም አይደለም፣ አብዛኛው ላይብረሪያን ትምህርት ቤት ሳለ ምርምር እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ሳይማር ነው ሥራ የሚጀምረው። ለዚህ ብለው ሎስ አንጀለስ ያለው ሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. ለላይብረሪያኖች የምርምር ዘዴ ሥልጠና ጀመረ፣ እኔን የገረመኝ ሥልጠናው ሳይሆን ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ሰልጣኞቹ ተበትነው ወደየቤታቸው ሲገቡ ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ እየተገናኙ፣ ሥራቸውን እያሳዩ፣ የሚያማክራቸው ሰው ተመድቦላቸው ነው የሚቀጥሉት። ብር ያስፈልጋል አዎ፣ ግን ከዚህ ውስጥ ብር የማይጠይቀውን አየሽው? በካላንደር ላይ የተጻፈ ሰዓት፣ የሚጠይቅሽ ሰው፣ አብሮሽ የሚያነብ ሰው። ይሄ ደሴም ይቻላል።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንይ። ሁለት ግማሽ ቀን ነው የጠየቀችሽ፣ በአንዱ ጀምሩ። የትኛው ግማሽ ቀን እንደሆነ አንቺ በግምት አትወስኚ እሷም አትምረጥ፣ ቁጥሩ ይምረጥ። ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ውሰት በቀንና በሰዓት አውጥቶ ያሳይሻል፣ ካልሆነም የውሰት መዝገቡ አለ፣ የሦስት ወሩን ገልብጪውና የትኛው ቀን ከሰዓት ሰው እንደሚሳሳ ታዪዋለሽ፣ ምናልባት አንቺ በጣም የምትፈሪው ሰዓት ባዶ ሆኖ ታገኚው ይሆናል። ከዛ ያን ግማሽ ቀን ስሟን ጽፈሽ ሺፍት ሰሌዳው ላይ ለጥፊው፣ «ሪሰርች» ተብሎ እንደማንኛውም ሺፍት ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ሰዓት የማንም ሰዓት ነው፣ ሁሉም ይወስደዋል፣ አንቺም ራስሽ አንድ ቀን ሲጨንቅሽ ትወስጂዋለሽ። በሚድና በፋይናል ሳምንታት እንደማይሰጥ ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ያኔ ላይብረሪው እስከ ደረጃው እንደሚሞላ እሷም ታውቃለች። 16 ሳምንት ካለው ሴሚስተር አራት ሳምንት ቢወጣ 12 ይቀራል፣ በሳምንት 4 ሰዓት ቢሆን 48 ሰዓት ነው። 48 ሰዓት ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን ከዜሮ የመጣ 48 ነው፣ አንድ ትንሽ ጥናት ዳታው ተሰብስቦ መልክ ይይዝበታል። ቦታም ስጫት፣ ከዴስኩ ራቅ ያለ፣ በር ያለው፣ ምክንያቱም ሰርኩሌሽን ላይ ቁጭ ብላ ከጻፈች ተማሪው «እህት አንዴ» ማለቱን አይተውም፣ እሷም እምቢ አትልም።

ስለ ርዕሷ አልነገርሽኝም፣ ስላላነበብሽው ነው። ስታነቢ አንድ ነገር እይልኝ፣ ከሩቅ የመጣ ርዕስ ነው ወይስ እናንተ ዴስክ ላይ የተወለደ? ብዙ ወጣቶች ሪሰርች ሲባል ትልቅ ነገር፣ የውጭ ቃል የበዛበት ነገር ይመስላቸዋል፣ 300 ኩዌሽነር ይበትኑና ግማሹ ሳይመለስ ይቀራል። ሳሙኤል ብራድፎርድ የሚባል የለንደን ሳይንስ ሙዚየም ላይብረሪ ሰው ነበር፣ በሁለት የሙያ ዘርፍ የወጡ ጽሁፎችን በየትኛው ጆርናል ላይ እንደወጡ እየቆጠረ ደረደራቸው፣ ጥቂት ጆርናሎች ብቻ ትልቁን ድርሻ ይዘው ሌላው በብዙ መቶ ጆርናል ላይ ተበትኖ አገኘው፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ጻፈው፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ያደረገው መቁጠር ነው። ላይብረሪያን የሚቆጥረው ነገር ከፊቱ ጠፍቶ አያውቅም።

እናንተ ጋ ለምሳሌ፣ ተማሪ መጥቶ «ይሄ መጽሐፍ አለ?» ብሎ የለም ሲባል ያ ጥያቄ የት ነው የሚሄደው? አየር ላይ ነው የሚቀረው አይደል? አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፣ ዴስኩ ላይ በክር እሰሩት፣ እስክሪብቶ አንጠልጥሉበት፣ አራት መስመር አስምሩ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተጠየቀው መጽሐፍ ወይ ጉዳይ፣ የተሰጠው መልስ። የተማሪው ስም አይጻፍ፣ ማን ምን እንዳነበበ የሱ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ላይብረሪያን ካልጠበቀ ማንም አይጠብቀውም። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጡት የትኛው ዲፓርትመንት ተማሪ ነው ባዶ እጁን የሚመለሰው፣ በየትኛው ሳምንት፣ ለየትኛው ኮርስ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወይም ደግሞ በየሰዓቱ ንባብ አዳራሹን ዞሮ መቁጠር፣ ስንቱ መጽሐፍ ይዞ ስንቱ ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ በስልኩ ከፍቶ፣ ስንቱ ለሶኬቱና ለመብራቱ ብሎ ነው የተቀመጠው። ይሄ ፌዝ አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ለመጽሐፍ የሚጠየቀውን በጀት ወንበርና ሶኬት ይሻላል ወይ ብሎ ሊያስቀይር የሚችል ጥናት ነው፣ ያንቺንም የዴስክ ጭንቀት ይፈታል፣ ማለትም የሷ ሪሰርች ከዴስኩ የሚወስድ ብቻ አይሆንም፣ መልሶ ይሰጣል።

ከላይብረሪው ወጣ ካላችሁ ደግሞ ወሎ ላይ ነው ያላችሁት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀበት ገዳም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የሐይቅንም ብራናዎች አንስቷል፣ ፊልሙ አሜሪካ ሚኒሶታ ገብቶ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ቁጭ ብለው ካታሎግ ሠርተውለታል፣ ያ ካታሎግ ዛሬ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ የሚነሳበት ነው። እንግዲህ ካታሎግ መሥራት ምርምር አይደለም የሚል ሰው ካለ እሱን አሳዩት። በየሼኮቹ ቤትና በየመስጊዱ ያለው የዐረብኛና የአጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ጽሁፍ፣ የመንዙማው ደብተር ደግሞ ስንቱ ገና ዝርዝር እንኳን አልወጣለትም። ደግሞም በኛ አቆጣጠር 2014ን አንቺ ኖረሽዋል እኔ አልነግርሽም፣ በጦርነቱ ጥቅምትና ህዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን። በዛን ጊዜ ከየላይብረሪው ምን ጠፋ፣ በአክሴሽን (ላይብረሪው የገባለትን መጽሐፍ በሚመዘግብበት) መዝገብ ያለውና ዛሬ ሼልፍ ላይ ያለው ምን ያህል ይራራቃል፣ ምን ተተካ፣ በማን እርዳታ፣ ይሄን የሚጽፈው ማን ነው? ከናንተ ሌላ የቀረበ ሰው የለም፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ነው ሊጽፈው የሚችለው። ይሄን ሳስብ እኔ ራሴ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ጊዜ ሲሄድ የሚያስታውሰው ሰው ይሄዳል።

አሁን የ150 ዶላሩ ነገር፣ ይሄ ጊዜ የማይሰጥ ነው፣ እቁቧ ሳይወጣ ድረሺላት። በ5 ቀን እናወጣለን ያለ ጆርናል ጽሁፉን ማንም አላነበበውም ማለት ነው፣ ሙያው ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድን ጽሁፍ አንብበው አርመው እስኪመልሱ ሳምንታት ቢያልፉ ወራት ቢፈጁ የተለመደ ነው። ይሄን ዓይነቱን አሳታሚ አዳኝ፣ ማለትም አድፍጦ ሰው የሚያጠምድ፣ ብሎ የሰየመውና ስሙን ያስለመደው ጄፍሪ ቢል ነው፣ ኮሎራዶ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ነበር፣ የነዚህን አሳታሚዎች ዝርዝር እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሕዝብ ክፍት አድርጎት ቆይቷል። አየሽ፣ ወጥመዱን መጀመሪያ በስሙ የጠራው ላይብረሪያን ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ላይብረሪያን ናት፣ ነገ ተማሪና መምህሩን ከዚህ ወጥመድ የምትጠብቀው እሷ ናት። አንዴ እዛ ከወጣ በኋላ ሌላ ጥሩ ጆርናል አይቀበላትም፣ ዩኒቨርሲቲውም ለእድገት ላይቆጥርላት ይችላል፣ ገንዘቡም ጽሁፉም ሄደ ማለት ነው።

ግን አትቆጪያት። የምትቆጪያት ከሆነ ደብቃ ትከፍላለች። አብረሽያት ቁጭ በይና ኢሜይሉን አንብቡት፣ አዘጋጆቹ እነማን ናቸው፣ የሚሠሩበት ቦታ ላይ ስማቸው አለ ወይ፣ ባለፈው ዓመት ያወጧቸውን ሁለት ሦስት ጽሁፎች ከፍታችሁ እዩ። ከዛ የዩኒቨርሲቲያችሁ ሪሰርች ክፍል ለእድገት የሚቀበላቸውን ጆርናሎች ዝርዝር አምጡ፣ ከመጻፏ በፊት ነው ይሄ መታወቅ ያለበት። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የላይብረሪና ኢንፎርሜሽን ጆርናሎች አሉ፣ ዲኦኤጄ (DOAJ) በሚባለው በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ ላይ ደግሞ ምንም የማያስከፍሉትን ለይቶ መፈለግ ይቻላል። የሚያስከፍል ጥሩ ጆርናል ቢሆን እንኳን ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ለድሃ አገሮች የምርምር ጽሁፍ በሚያቀርበው ፕሮግራም ውስጥ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ወገን ስለሆነች ብዙ አሳታሚዎች ከኛ አገር ለሚጽፍ ሰው ክፍያውን ይተዋሉ፣ መጠየቅ ብቻ ነው፣ አንድ ኢሜይል። ይሄን ለሷ ስትሠሩላት ለመምህራኑም የሚሆን አንድ ገጽ ማስታወሻ ይወጣችኋል፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ (ምርምር ለሁሉም በነፃ ይነበብ የሚለው) ፖሊሲም ሥራውን ዞሮ ዞሮ ወደ ላይብረሪ ነው የሚያመጣው።

«እነሱ ቁጭ ብለው ሊጽፉ» ያሉትን አልፈርድባቸውም። መጽሐፍ ሲሸከም የኖረ ሰው የሰው መቀመጥ ያመዋል። ሰብስበሽ አትስበኪያቸው፣ ደብተሩን ስጫቸው። ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ዳታውን የሰበሰበ ሰው ስሙ ምስጋና ላይ ይውጣ፣ ከሐሳቡ እስከ ጽሁፉ የተሳተፈ ደግሞ ደራሲ ሆኖ ይግባ፣ ይሄን ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ተነጋገሩት፣ በኋላ ያጣላል። ሁለተኛውን ወጣትም አትርሺው፣ ደብዳቤሽ ላይ አንዴ ብቻ ነው የጠቀስሽው፣ እሱ ዝም ያለው ስለተመቸው ነው ወይስ የሷን አይቶ ነው? በወር አንዴ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለቱ የጻፉትን ሁለት ገጽ እንኳን ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ከአቦል እስከ በረካ በቂ ሰዓት ነው፣ እርማት የሚያውቅ አንድ መምህር ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጋብዙ። ለበላይ አለቃሽም በአፍ ሳይሆን በአንድ ገጽ ጽፈሽ አስገቢ፣ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ዴስኩ በማን ተሸፍኖ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ምን ይጠበቃል የሚለውን። እምቢ ቢልሽ እንኳን በጽሁፍ ይበልሽ።

እና አንቺስ? በአስተዳደር ሠራተኛ ስር መሆንሽ እድገት ላያስገኝልሽ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይከለክልሽም፣ ከልጅቷ ጋር ሁለተኛ ደራሲ ሆነሽ መግባት ትችያለሽ፣ እሷ ከፈለገችና የምርሽን ከሠራሽ፣ አስተባባሪ ስለሆንሽ ብቻ ግን ስምሽን እንዳታስገቢ። ከዛ በፊት ግን ያን መሳቢያ ክፈቺው። ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ነገ ጠዋት ሐረጎን ስትወጡ፣ ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ቀስ ሲል፣ አንድ ገጽ ብቻ አንብቢው። የሚቆረጥ ይኖረዋል፣ ያረጀ ይኖረዋል፣ ዛሬም የሚጠየቅ ጥያቄ ካለበት እሱን በእስክሪብቶ አክብቢው። ከዛ ርዕሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ልጅቷ ምን እንዳለችሽም ጨምሪበት፣ እጠብቃለሁ።